የላይ ሰፈር ሱቆችና የእሾህ አጥራቸው

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በነጌሌ ቦረና አስተማሪ ሳለሁ፣ በሚያዝያ አንድ ቀን የፋኖሴ መስተዋት ተሰበረብኝና ሌላ ልገዛ ወደ ላይ ሰፈር ወጣሁ። መንገድ ላይ ዝናብ ስለያዘኝ ሮጬ ከአቶ ቢረሳው ሱቅ በረንዳ ሥር ገባሁ። በረንዳው ግን ከውጭው እምብዛም አይሻልም፤ ቆርቆሮው በሦስት ቦታ ያፈሳል።

የላይ ሰፈር ሱቆች ስምንት ናቸው። ቀድሞ ከተማው ሁሉ የሚገበየው እዚያ ነበር። የመኪናው መንገድ በታች በኩል ካለፈ ወዲህ ግን አምስቱ ተዘግተው፣ ግድግዳቸው ተልጦ፣ ቦያቸው በጥራጊ ተደፍኗል። ፊት ለፊታቸው ከዳር እስከ ዳር የእሾህ አጥር ታጥሮ፣ ሰው በጎኑ የሚሾልክባት አንዲት በር ብቻ ቀርታለች። በበሯም ላይ «ከብት ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል።

ከውስጥ የክርክር ድምፅ ሰማሁ። ከአቶ ቢረሳው ጋር የምትነጋገረው ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ በአጠገባቸው ባለው ሱቅ ልብስ የምትሰፋው ዘርፌ ናት።

«መምህር፣ እንኳን መጡ፤ ይፍረዱን» አለችኝ። «ማዘጋጃ ቤቱ ሱቆቹ እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልታደሱ ይፈርሳሉ ብሎ ጽፏል። ጋሼ ቢረሳው ወረቀቱን ከሚዛናቸው ሥር ሸጉጠው ተቀምጠዋል።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አሉ አቶ ቢረሳው። «ይህን ቤት ከሚስቴ ከነፍስ ኄር ደስታነሽ ጋር ጭቃ ረግጠን ነው የሠራነው። ሲፈርስ ከማይ ብሞት ይሻለኛል። ነገር ግን ገበያ የእግዚአብሔር ነው። እኔ ደጄን በየማለዳው እጠርጋለሁ፤ የቀረው የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው።»

«አዎን ይጠርጋሉ። ጥራጊውን ግን ወደ ተዘጋው ሱቅ ደጅ ነው የሚገፉት።»

ሽማግሌው መጥረጊያቸውን በእግራቸው ከበሩ ኋላ ገፉት።

«ይቆጡኝ እንጂ እናገራለሁ» አለች ዘርፌ። «ገዢ ለአንድ ሱቅ ብሎ ዳገት አይወጣም። ጨው ከእርስዎ፣ ልብስ ከእኔ፣ ገመድ ከጎረቤት አገኛለሁ ብሎ ነው። የተዘጉትን ባለቤቶቻቸውን ለምነን እናስከፍት፤ ቦዩንም በጋራ እንጥረግ። ከሁሉ በፊት ግን ይህ አጥር ይነሣ።»

«አጥሩንማ አትንኪብኝ! ከብቱ በረንዳዬን በእበት ሲያበላሽ፣ ግመሉ በቆርቆሮዬ ሲታከክ ዝም ልበል? ንጽሕና፣ ንጽሕና እያላችሁ ያሰለቻችሁን እናንተ የተማራችሁት አይደላችሁም?»

እውነቱን ለመናገር ነቀፌታው የሚደርሰው ለእኔ ነበር። በየክፍሉ ስለ ንጽሕና ስለፈልፍ የኖርሁ እኔ ነኝና።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከአጥሩ ውጭ አንድ የቦረና ሽማግሌ ሁለት ግመሎች እየሳቡ ቆሙ፤ የአቶ ቢረሳው የጥንት ደንበኛ ኦቦ ጃልዴሳ ናቸው።

«ናጋ፣ ቢረሳው?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉ።

«ናጋ! አካም ጃልዴሳ? ግባ እንጂ!»

«በሐምሌ ልጄን ልድር ነው። አቡጄዲ፣ ጨው፣ ገመድ እፈልጋለሁ። ግመሎቼን ማን ያይልኛል?»

«እዚያው እሰራቸው።»

«ምን ላይ? እሾህ ላይ?»

«ሃያ ዓመት ስትመጣ ኖረህ ለምን ጠፋህብኝ?»

«እኔ አልጠፋሁም፤ አንተ አጠርክብኝ። እኛ እሾህ የምናጥረው ለጅብ ነው። ቢረሳው፣ እኔ ምን በላሁብህ?»

ይህን ብለው ግመሎቻቸውን ስበው ቁልቁል ወረዱ። አቶ ቢረሳው እጃቸውን ከሚዛኑ ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ዘርፌ ያን ጊዜ «አላልኩም?» ብትል ማን ይከለክላት ነበር? አላለችም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብራታለሁ።

«ከብቱን ብዬ እንጂ እሱን ማራቄ አልነበረም» አሉ አቶ ቢረሳው።

«የቦረና ሰው ከከብቱ ዓይኑን አያነሣም፣ ጋሼ። ከሱቆቹ ማዶ፣ ከዚህ በሚታይ ቦታ ማሰሪያ ግንድ እንትከል፤ በግማሽ በርሜል ውኃ እናኑር። እበቱን በየተራ እናንሣው፤ ለተላጠው ግድግዳ መለቅለቂያ ይሆነናል።»

አቶ ቢረሳው ብድግ አሉ። «ገጀራዬን አቀብዪኝ።»

አጥሩ በዚያው ቀን ተነቀለ። በማግሥቱ አቶ ቢረሳው ራሳቸው ታች ገበያ ወርደው ጃልዴሳን ይቅርታ ጠየቁ። የተዘጉትን ሱቆች ባለቤቶች ዘርፌ ቤት ለቤት እየዞረች ለመነች፤ ሁለቱ ራሳችን አንከፍትም ቢሉም ለሚሠራ ሰው አከራዩ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ቦይ ቆፈርሁ፤ እጄ እንደ ተማሪ እጅ ለስላሳ ነው ብለው ባለሱቆቹ የሳቁብኝን አልረሳም።

ሰኔ ሠላሳ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም አፍራሾች አስከትሎ ሲመጣ፣ ስምንቱም በሮች ተከፍተው፣ ግድግዳው በኖራ ነጥቶ፣ ማዶ ግመልና በሬ ውኃ ሲጠጣ አገኘ። አፍራሾቹ ለየቤታቸው ጨው ገዝተው ተመለሱ። ቦዩ ከተጠረገ ወዲህ በሰፈሩ ዝንብና ወባ ቀንሷል፤ አሮጊቶችም ለአንድ ሳሙና ዳገት መውረድና መውጣት ቀርቶላቸዋል። በወደራም በሜጋም እንዲህ የተተዉ ሱቆች አይቻለሁና፣ ባለቤቶቻቸው ማዘጋጃ ቤትን ከመጠበቃቸው በፊት ደጃቸው ለማን እንደ ተዘጋ ይጠይቁ እላለሁ።

በዚያ ቀን ኦቦ ጃልዴሳም ልጃቸውን አስከትለው ለሠርጉ አቡጄዲ ሊያስለኩ መጡ። አቶ ቢረሳው ያን የክልከላ ሰሌዳ ለበረንዳው ደረጃ አድርገው ቸንክረውት ነበር። ጃልዴሳ ጫማቸውን ከላዩ ሊያሳርፉ ሲሉ ፊደሉን አዩና ቆሙ።

«ምን ይላል ይህ?»

አቶ ቢረሳው ወደ እኔ ዞር አሉ፤ ከዚያም የጃልዴሳን ክንድ ያዙ።

«ግባ ነው የሚለው» አሉ።

እኔ የፊደል አስተማሪው ሰምቼ ዝም አልሁ።