ዛፍ የሚዞሩት ጎረቤቴ

ለንደን፣ ዌምብሊ ከምንኖርበት ፍላት ጀርባ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ቻይናዊት አሮጊት፣ ሚስስ ሊን፣ ጠዋት ጠዋት መዳፋቸውን ወደ ግንዱ ዘርግተው ቀስ እያሉ ይዞሩታል። እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ፤ "እኚህ ሴትዮ አድባር ያመልካሉ" ብዬ ደመደምኩ። ባለፈው ቅዳሜ አላስችል ብሎኝ አጠገባቸው ሄድኩና ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ዘርግቼ፣ በአማርኛ መንፈሱን እገሥጽ ጀመርኩ። ዓይኔን ስገልጥ ቆመው ያዩኛል። "ምን እያደረጉ ነው?" አልኳቸው በእንግሊዝኛ።

"ባጓጃንግ ይባላል፤ የቻይና ማርሻል አርት ነው" አሉኝ። "ዛፉን ባላጋራዬ ነው ብዬ አስባለሁ። በጉልበት አልገጥመውም፤ እየዞርኩ አቅጣጫ እለውጥበታለሁ። ባጓጃንግን የጀመረው ሰው አረማመዱን የተማረው እየዞሩ ከሚጸልዩ መነኮሳት ነው ይባላል። እኔን ያስተማረኝ ባሌ ነው።"

የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው ግን እጄን ያዙኝ።

"ስትጸልይልኝ ሰማሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ማንም ጸልዮልኝ አያውቅም። ምን ብለህ ነው?"

"ጤና ይስጥዎት ብዬ ነው" አልኩ።

ደጋግመው አመሰገኑኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።