ሰባት ቀን ዐይኔን ጨፍኜ

ሱባኤ ይዞ እንደ እኔ የተቸገረ ሰው ያለ አይመስለኝም። በደርግ ጊዜ ነው፤ ደብረ ታቦር አስተምር ነበር። ወደ እብናት ተዛወርኩና ከመሄዴ በፊት፣ አብራኝ ለምታስተምረው ለአልማዝ ሽማግሌ ልላክ ወይስ ይቅርብኝ ብዬ ጭንቅ ያዘኝ። የነፍስ አባቴን ባማክራቸው "ሰባት ቀን ሱባኤ ያዝ፤ አምላክህን ጠይቅ" አሉኝ። ካድሬ አይቶ ስብሰባ ላይ እንዳያነሣኝ ጎህ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ። ጉድ እኮ ነው! ገና በመጀመሪያው ቀን አልማዝ በሴቶቹ በኩል ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች። ፈተና መጣብኝ ብዬ ዐይኔን ጭፍን! በማግስቱም አለች፤ በሦስተኛውም አለች።

በሰባተኛው ቀን "አባ፣ ሰይጣን በእሷ መልክ እየመጣ ጸሎቴን አበላሸብኝ" ብዬ አመለከትኩ። አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "እሷም ትናንት 'ያ መምህር ሐሳቤን በተነብኝ' ብላ ከስሳሃለች። የምትለምነውን አልነግርህም። አንተ ግን አምላክ መልሱን ሰባት ቀን ፊትህ ሲያቆምልህ፣ ዐይንህን ጨፍነህ ምን ትጠብቃለህ? ሽማግሌ ላክ እንጂ!"

ላክሁ፤ እሺ ተባልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አልማዝ ከማዶ ትቆማለች፤ እኔም ዐይኔን አልጨፍንም።