ግራውን ለእኔ፣ ቀኙን ለእሳቸው

ጫማ ላይ የሚጠለቀውን ባለ ብረት ጥርስ ስፓይክ «በረዶ ሲጥል እገዛዋለሁ» እያልኩ ስከርም፣ ቅዳሜ ዕለት ከሲያትል ወጣ ብዬ ተራራ ላይ ሃይክ ሳደርግ በረዶው ቀደመኝ። መውጣቱንስ ወጣሁት፤ ስወርድ ግን እያዳለጠኝ ዛፍ አቅፌ ቀረሁ። ጃኬታቸው ላይ ነጠላ የደረቡ አንዲት እናት ዘና ብለው እየወረዱ ከኋላ ደረሱብኝ።

«ስፓይክህስ ልጄ?»

«በረዶ ሲጥል ልገዛ ነበር፣ እማማ።»

ዙሪያውን ቃኙና «ታዲያ ይሄ ጥጥ ነው?» አሉኝ። የግራ እግራቸውን ስፓይክ አውልቀው ሰጡኝ፤ ተደጋግፈን እያነከስን ወረድን።

ፓርኪንጉ ጋ ስንደርስ ልመልስላቸው ብል እጄን ገፉት።

«የሚመጣው ቅዳሜ የራስህን አድርገህ፣ ይህን እዚሁ ታመጣልኛለህ። ካልመጣህ እኔም በአንድ እግር አልወጣም።»

በማግስቱ ስፓይክ የሚሸጠው ሱቅ ሳይከፈት በሩ ላይ ተገተርኩ።