ባለ ወፍጮው ሳቀ

የወንድሜን ወሬ መጀመሪያ የሰማሁት ከሐዋሳ መጥቼ ደጀን ላይ የማርቆስ ታክሲ እንደተሳፈርኩ ነው። ከኋላዬ አንዲት ጠና ያሉ እናት፣ አብሯቸው ለተቀመጠ ወጣት ስለ አምበር ከተማው ባለ ወፍጮ ያወሩ ነበር።

«ለማርያም ቀን እንኳ ወፍጮውን የማያቆም ሰው፣ አሁን በዘጠኝ ሰዓት ዘግቶ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ይኼ ጤና ነው?»

«ደክሞት ይሆናላ፣ እትዬ።»

«እሱ? ትኩሳት ይዞትም ሲፈጭ ነበር። መተት አስነክታው ነው እንጂ።»

«ማን?»

«መኪናዋ ተበላሽታባት ስምንት ቀን እኛ ዘንድ የቆየችው ሾፌር። የጭነት መኪና የምትነዳ ሴት ናት፤ በዕድሜም ትበልጠዋለች።»

«ምን ስታደርግ አዩዋት?»

«በወፍጮው ጩኸት የምትለኝ አይሰማኝም አለችው። አጠፋላት። እኛ እህል ይዘን ተሰልፈን!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሲያወሩ ዋሉ። ሳቀ እኮ፣ አንተ። መለዋወጫው ሲመጣላት እሷ ሄደች፤ እሱ ግን ወደ ልቡ አልተመለሰም።»

«መሳቅም መተት ሆነ እንግዲህ?»

«አንተ ቀልድ። ዘመዶቹ ነገ ጠበል ሊወስዱት ነው፤ እምቢ ካለ አስረው።»

እህቱ መሆኔን ሳልናገር ልመናዬን በልቤ ጀመርኩ፤ እኔ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅምና፣ የዚያን ዕለት እህል ይዛችሁ የተሰለፋችሁ፣ ስለ እመብርሃን፣ ያ ሳቅ የራሱ ይሁን የመተት ነገ ሳያስሩት ንገሩኝ።