ከመስመሩ በላይ የወጣው የፍሬን ዘይት

— ሄሎ... ሄሎ፣ ሩፊኖ? ቆይ፣ ጋራዡ ውስጥ ሞተር ተነስቷል፤ ወደ ቤት ልግባ... አዎ፣ አሁን ትሰማኛለህ? ኮሮይኮ ደረሳችሁ?

— ኡንዱዋቪ? ገና ግማሽ መንገድ ላይ? የዓሣ ጥብሱ አስቀራችሁ እንዴ...

— ወለሉ ድረስ ገባ ማለት... የፍሬኑ መርገጫ?... ቀስ በል። መጀመሪያ ስለ ሕፃኗ ንገረኝ። ናይራ ደህና ናት?... እናቷ ዴልፊናስ?... እሺ። አንተ?... እሺ።

— ምንም አይደለም እማዬ፣ ሩፊኖ ነው። ለናይራ ጸጉር የሚታሰረውን ሪባንሽን ቁረጪ።

— ቀጥል... ከተራራው አናት ጀምሮ ፍሬን እየያዝክ... አውቃለሁ፣ ጭጋግ ነው። አልቆጣሁህም። ከዚያ መታጠፊያው ላይ ስትረግጥ ባዶ... በከባድ ማርሽና በእጅ ፍሬን አቆምካት?... ጎበዝ፣ ወንድሜ።

— መርገጫው ተመለሰ? አሁን ጠንካራ ነው?... አይ፣ አትነሳም... አትነሳም አልኩህ። የተመለሰው ስለቀዘቀዘ ነው። እንደገና ሲግል ይከዳሃል፤ ከዚያ በታች ደግሞ ያለውን ገደል ታውቀዋለህ።

— አውቃለሁ፣ የሕፃኗ የመጀመሪያ ጸጉር ቆረጣ ነገ አማትህ ቤት ነው። የናይራ ጸጉር አንድ ዓመት ሙሉ መቀስ ሳይነካው ጠብቋል፤ አንድ ቀን ቢጨመርበት ምን ይሆናል?... አማትህ ትቆጣ። ክርስትና እናቷ እኔ ነኝ፤ እኔ ሳልደርስ ማን ይቆርጣል?

— እሱማ እኔንም ገርሞኛል። የፍሬን ዘይቱን በሐምሌ የቀየርኩት በእጄ ነው። ሁለት ዓመት እንደሚበቃ የነገርኩህም እኔ ነኝ... አልተከፋሁም። ኮፈኑን ክፈትልኝ። እንዳትነካ፣ ሞተሩ ይግላል። በሾፌሩ በኩል ያለችው ነጭ የዘይት ዕቃ... ክዳኗን አትፍታው፤ ከውጭ ይታያል። ምን ይመስላል?

— ደፈረሰ?... እኔ ስሞላው ማር ይመስል ነበር። መጠኑስ? በሁለቱ መስመሮች መካከል ነው?

— ከላይኛው በላይ?... ደግመህ እየው... ዴልፊናም ትየው።

— ሩፊኖ፣ እሱ አይሆንም። የፍሬኑ ሸራ እያለቀ ሲሄድ ዘይቱ ዝቅ ይላል እንጂ ሽቅብ አይወጣም። እኔ ልክ መስመሩ ላይ ነው ያቆምኩት። የሆነ ሰው ጨምሮበታል... አንተ አልጨመርክም?... ዴልፊናስ?... ታዲያ...

— እማዬ፣ መቀሱን ለምን አስቀመጥሽው?

— ቆይ ሩፊኖ። አንድ ጊዜ...

— እማዬ። ምን አድርገሻል?... እኔን እዪኝ... በኮፓካባና? መኪናው ሲባረክ?... አስታውሳለሁ፤ ካህኑ ሞተሩን ረጨ፣ ጎማውን ረጨ፣ እኛ ቢራውን አፈሰስን... እና?... ፍሬኑን ማንም አልባረከውም። እሺ። ቤት ከገባን በኋላ ነው?... ከጠርሙሱ በክዳን። ስንት ክዳን?... ሦስት። በአብ፣ በወልድ... እሺ፣ ገባኝ እማዬ። ገባኝ። ቁጭ በይ።

— ሄሎ፣ አለህ?... ሰማህ?... አዎ። ክዳኑን ከፍታ ጸበል ጨምራበታለች። ለናይራ ብላ ነው፤ ያንን መንገድ ትወርዳለች ብላ ከፈራች ቆይታለች... አትሳቅ። እያለቀሰች ነው።

— ያ ዘይት ውሃ ካገኘ ይጠጣዋል። ፍሬኑ ሲግል ውሃው ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፤ እግርህ የሚረግጠው እንፋሎት ነው። ከሁለት ዓመት በላይ አታቆየው የምልህም ለዚሁ ነው፤ ከአየሩም ይጠጣል... ከመቀመጫው ሥር ያለው ግማሽ ጠርሙስ? መቼ ነው የተከፈተው?... ከካርኒቫል ጀምሮ። ተወው፤ እሱም ሲጠጣ ነው የከረመው።

— እኔ እመጣለሁ። ሁለት ያልተከፈተ ጠርሙስ አለኝ። አሮጌውን ዘይት ከአራቱም ጎማ ፍሬን አስወጥቼ በአዲስ እተካዋለሁ... ሁለት ሰዓት አይፈጅብኝም። በፒካፑ፣ በከባድ ማርሽ፣ ቀስ ብዬ። አንተ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፍ። ናይራ መኪናው ውስጥ አትተኛ፤ ዓሣ ጥብስ ቤቱ ውስጥ ምድጃው አጠገብ ይዛችኋት ተቀመጡ።

— ምን በያት?... ራስህ ንገራት... እማዬ፣ ስልኩን ያዢ... አይሆንላትም፣ በሻሏ ፊቷን ሸፍናለች። እሺ፣ እነግራታለሁ።

— እማዬ፣ ሩፊኖ የሚልሽን ስሚ። በዚያ መንገድ ላይ ሜዳ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ መኪናዋ ደግሞ የቆመችው እዚያው ሜዳ ላይ ነው። ጸበልሽ ሠርቷል ይላል።

— አዎ፣ ቀና አለች... አፍንጫዋን እየጠረገች ነው። አሁን ደግሞ... እማዬ፣ ወዴት ነው? ባርኔጣው ለምንድነው?... ብርድ ነው እዚያ... እህ፣ ሩፊኖ፣ እመጣለሁ እያለች ነው።

— አንተ መርገጫው ላይ? አይ፣ አንተ መብራት ትይዝልኛለህ። እኔ ከጎማው ሥር ሆኜ ዘይቱን የሚያስወጣውን ቡሎን ስከፍት አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ መርገጥ አለበት... አዎ፣ እሷ። ለምን አይሆንም?

— እማዬ፣ ስሚኝ። ርገጪ ስልሽ ትረግጫለሽ። ያዢ ስልሽ ትይዣለሽ። እኔ ሳልነግርሽ እግርሽን ካነሳሽ አየር ይገባል፣ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ትችያለሽ?

— አዎ፣ መለሰችልኝ... እስኪነጋ ድረስ እይዘዋለሁ ነው ያለችው።

— ሪባኑንም ይዛለች፣ መቀሱንም። ዝጋ በቃ፤ ፒካፑ ውስጥ ገብታ እየጠበቀችኝ ነው።