ከቢራ ጋር ያደረ ደም

ከንያኩሮን ሰፈር በተነሳው ማታቱ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ ላብራቶሪ እሠራለሁ ላላት አጠገቧ ለተቀመጠ ሰው የያዘችውን ውጤት ስታሳየው ሰማሁ።

«ደም የሚያረጋው ፕላትሌት በጣም ወርዷል አሉኝ።»

«የማን ነው?»

«የባለቤቴ። ትርፍ አንጀት ነው። በዚህ ውጤት ቢላ ካረፈበት ደሙ አይቆምም ብለው ኦፕራሲዮኑን ተዉት።»

«ደሙን ማን ነው ላብራቶሪ ያደረሰው?»

«እኔ ነኝ። ስደርስ ጀነሬተሩ ተበላሽቷል፣ ነገ አምጪው አሉኝ። ሙቀቱ እንዳያበላሸው ብዬ ሆቴላችን የቢራው ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት።»

ሰውየው ውጤቱን እንደገና አየው።

«ምነው?»

«እህቴ፣ ደም ብርድ ላይ ሲያድር ፕላትሌቱ ነጭ የደም ሴሎቹ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። የተጣበቀውን ደግሞ ማሽኑ ነጥሎ አይቆጥረውም።»

«ታዲያ አልወረደም ማለት ነው?»

«ምናልባት አልወረደም። እንደገና ተቀድቶ ወዲያው ይታይ። ባለቤትሽ አሁን እንዴት ነው?»

«ተመስገን፣ ዛሬ ጠዋት ሕመሙ ድንገት ለቀቀው። ተኝቷል።»

«ድንገት?»

«አዎ። ምነው?»

«ትርፍ አንጀት ሲፈነዳም እንደዚያ ይለቃል፣ እህቴ።»

ለሙቀቱ ብዬ ጉንጬ ላይ ያስጠጋሁትን ቀዝቃዛ የውሃ ፕላስቲክ ቀስ ብዬ እግሬ ሥር አስቀመጥኩት።