አቦይ ገብረተንሳኤ እና ጳጉሜን የማያውቀው ገጽ

እሺ፣ እሺ፣ ጭብጨባው ይበቃል፤ ገና ምንም አልተናገርኩም! ሲስተር ለተንሳኤ፣ ሣህኑን አንዴ አስቀምጪውና ስሚኝ፤ ጥብሱ የትም አይሄድም።

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው አቦይ ገብረተንሳኤ እዚህ ክሊኒክ የመጡ ቀን እኔ አልነበርኩም። እንኳን ክሊኒኩ ውስጥ፣ ዓለም ላይም አልነበርኩም። ምስክሬ ሲስተር ለተንሳኤ ናት። በ1984 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ጠዋት ጉንጫቸው እንደ ዳቦ አብጦ፣ አገጫቸውን በሻሽ አስረው ከተፍ ይላሉ። ለምን? ሥራ ሊቀጠሩ? ኧረ ጥርስ ሊያስነቅሉ! “ካርድህ እስኪገኝ ጠብቅ” ተባሉ። ካርዱ ሁሉ መሬት ላይ ተከምሯል። አንድ ሰዓት ጠበቁ፣ ሁለት ሰዓት ጠበቁ፣ ትዕግሥታቸው አለቀና “እኔው ልፈልገው” ብለው ገቡ። የራሳቸውን ፍለጋ የሌላውን ሲደረድሩ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር ተሰጣቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱ መጥቶ “የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ እርስዎ ነዎት?” ቢላቸው፣ “እወ፣ ነኝ” አሉት። ይኸው ሃያ ሰባት ዓመት! ጥርሱ ግን ወላሂ እስከ ዛሬ አልተነቀለም። አቦይ፣ እስቲ አፍዎን ይክፈቱልን። እሺ፣ እሺ፣ ይቅር።

ደግሞ መንገድ ላይ አብራችኋቸው የሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ሰውን በስሙ አይጠሩም፤ በካርድ ቁጥሩ ነው። አንድ ቀን ወደ ሓድነት ሰፈር በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ተቀምጠን ከኋላ አንድ ጎልማሳ አዩ። “አራት ሺህ መቶ አሥራ ሁለት! ከመይ ኣለኻ? ጨጓራህስ?” ታክሲው በሙሉ ዞሮ የሰውየውን ጨጓራ አየ። ሰውየው ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወረደ፤ መውረጃው ግን እዚያ አልነበረም።

እኔ የመጣሁት በ2009 ነው፣ ከኮምቦልቻ ወደ መቐለ፣ የቀጠሮ ዌብሳይት ልሠራ። የመጀመሪያ ቀን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና፣ “ጓለይ፣ ልጄ፣ ይቺ ኮምፒውተር ካርድ ታውቃለች?” አሉኝ።

“ታውቃለች።”

“ሰውስ?”

እሱን ገና እየሠራሁበት ነው አልኳቸው።

ለማታውቁ ላስረዳ። ሰርቨር በሚባለው ዋና ኮምፒውተር ላይ ያለው መረጃ ወደ ስክሪናችሁ የሚመጣው ጄሰን በሚባል አጻጻፍ ነው። ለእያንዳንዱ ታካሚ ቅንፍ ይከፈታል፤ ውስጡ ስሙ፣ ቁጥሩ፣ የቀጠሮው ቀን ይጻፋል፤ ቅንፉ ይዘጋል። የዌብሳይቱ ገጽ ያንን ጽሑፍ ተቀብሎ እያነበበ ይፈታዋል። ይኸው ነው። ይህንን ስነግራቸው አቦይ ምን አሉ? “አትሚልኝ። ለመጠባበቂያ።” ለሙከራ በእጄ የጻፍኩትን አርባ ገጽ ጄሰን አተምኩላቸው። ቤታቸው ወስደው እንደ ዳዊት ሲደግሙት አድረው ጠዋት መጡ። “ጓለይ፣ ገጽ አሥራ ሰባት ላይ የተከፈተ አልተዘጋም።” ሁለት ቀን ሙሉ ስፈልገው የነበረው ስህተት! “ፋይል ከፍቶ ሳይዘጋ የሚሄድ ሰው አልወድም” ብለው ሻያቸውን ጠጡ። እኔ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሬ ነው፤ እሳቸው በአንድ አዳር!

ወደ ዌብሳይቱ ምርቃት ቀን ልሂድ። አዎ ዶክተር ባርናባስ፣ ስለዚያ ቀን ነው፤ አይሳቁ፣ ነገሩ እርስዎንም ይነካል። ነሐሴ 2009። ዳይሬክተራችን ዶክተር ባርናባስ እንግዳ ጠርተዋል። ጠዋት አስጠርተውኝ፣ “ሒክማ፣ ዛሬ ካልሠራ የሙከራ ጊዜሽ እዚህ ላይ ያበቃል” ብለውኛል። እናቴ ደግሞ ልጄ መቐለ ተቀጠረች ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች። የእኔ ላፕቶፕ ላይ በዚያው አርባ ገጽ ስሞክረው እንደ ነፋስ ይበር ነበር። በዕለቱ ግን ሠላሳ ስምንት ሺውን ካርድ ባንድ ጊዜ እንዲጭን አዘዝኩት።

ስክሪኑ ላይ ያቺ የ“ጠብቁ” ክብ መዞር ጀመረች። አቦይን ታውቋቸዋላችሁ፣ ያቺ ክብ ስትዞር እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ብድግ ይላሉ። አንዱ እንግዳ ሊያወራ ሲል “እሽሽ! እየፈለገች ነው” አሉት። ያውም ከረባት ያሰረውን ሰውዬ! አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ። ከዚያ ነጭ ገጽ። መሐሉ ላይ አንዲት ቃል፦ ስህተት።

ምን ሆኖ መሰላችሁ? የአንዲት እናት ቀጠሮ ጳጉሜን ሦስት ነው። ወር አሥራ ሦስት! የኔ ኮድ ደግሞ ከጄሰኑ ውስጥ ቀኑን ሲያነብ፣ ከአሥራ ሁለት የሚበልጥ ወር ካየ ሥራውን ሁሉ ያቆማል። ጄሰኑ ምን አደረገ? ምንም። ጥፋቱ የኔ ነው። ያ አላህ! አሥራ ሦስት ወር እየተባለልኝ ያደግኩ የወሎ ልጅ፣ የፈረንጅ ኮድ ገልብጬ ጳጉሜን የምታህል ነገር ከዓመት ሰረዝኩ! እስከ ዛሬም እናቴ አልሰማችም፤ የምትደውሉላት ካላችሁ እንዳትነግሯት።

አቦይ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ “ምን ሆነች?” አሉኝ።

“የአንዲት እናት ካርድ አልነበብ አለች።”

“ሌሎቹስ?”

“እነሱም ቆሙ። ሠላሳ ስምንት ሺህ ናቸው።”

“ለአንዲት እናት ብለሽ ሠላሳ ስምንት ሺህ ካርድ ተሸክመሽ ወደ ታካሚዎቹ መስኮት መጣሽ? ጓለይ፣ እኔ የሚፈለገውን ነው የማመጣው። የተቀደደ ካርድ ሲገጥመኝም ‘ይታይ’ ብዬ ወደ ጎን አስቀምጬ ቀጣዩን እጠራለሁ። ሰልፉን አልበትንም።”

እኔ እንባዬ መጥቷል። ዶክተር ባርናባስ ወደኛ መራመድ ጀመሩ። ይሄኔ አቦይ “ኣጆኺ፣ አይዞሽ” አሉኝና ዞር ብለው፣ “ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው! እግሬ የኮምፒውተሩን ገመድ መትቶ ነቀለው!” አሏቸው።

ወገኖቼ፣ ገመዱ ከእሳቸው ሦስት ሜትር ይርቅ ነበር! የሰው እግር ሦስት ሜትር አይዘረጋም። ዶክተርዬ ግን አመኑ። ከዚያ አቦይ መስኮቱን ከፍተው ሰልፉን በሙሉ በእጃቸው አስተናገዱ፤ እስከ ምሳ ሰዓት አንድም ታካሚ አልቀረም። እኔ በሦስት ቀን ገጹን አስተካከልኩ። ካርዱ ሃያ ሃያ እየሆነ ይመጣል፤ አልነበብ ያለ ካለ “ይታይ” ወደሚባል ዝርዝር ለብቻው ይሄዳል፤ ሌላው ያልፋል። ጳጉሜንም ወደ ዓመቱ ተመለሰች። “ጎበዝ ሒክማ” ተብዬ ቋሚ ሆንኩ። ሐሳቡ ግን የማን እንደነበር ይኸው ሰማችሁ።

አቦይን ያኔ “ዶክተር ምን አሉዎት?” ብዬ ጠይቄያቸው፣ “ደሓን፣ ትንሽ ተቆጡኝ፣ አለፈ” ነው ያሉኝ። እኔም አመንኩ፤ ሞኝ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የሠራተኞችን ፋይል ወደ ኮምፒውተር ላስገባ የእሳቸውን ከፈትኩ። ሃያ ሰባት ዓመት፣ አንድ ቀን መቅረት የለ፣ አንድ ወቀሳ የለ። መጨረሻ ላይ አንዲት ወረቀት፦ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ በጥንቃቄ ጉድለት ገመድ በመንቀል። ቁጥሩን የሰጧት ራሳቸው ናቸው፣ በራሳቸው ጽሑፍ፣ በተራዋ፣ አንዲት ጥግ ሳትታጠፍ። የፋይል ክፍሉ ቁልፍ እኮ በእጃቸው ነበር! ቀደው ቢጥሏት ማን ያውቃል? ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አቦይ፣ እናቴ ስለ እኔ የምታወራው ሁሉ እውነት ሆኖ የቀረው በእርስዎ ነው። ያን ቀን ብባረር ኮምቦልቻ በምን ፊቴ እገባ ነበር? አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው፣ አልቀለድኩም።

ዶክተር ባርናባስ፣ ይኸው በሰው ፊት ነገርኩዎ። ከተቆጡኝ ይቆጡኝ፤ ነገ ሥራ ካጣሁም አጣሁ። ያቺን ማስጠንቀቂያ ግን ከፋይላቸው ያውጡልኝ።

ምን አሉ አቦይ? ሰማችኋቸው? “ከፋይል ወረቀት አይወጣም!” ይላሉ። ለገዛ ቅጣታቸው ይከራከራሉ እንጂ! እንደሚሉኝ አውቄ ሌላ ይዤ መጥቻለሁ። ላንብበው፦ “በነሐሴ 2009 የቀጠሮው ገጽ የቆመው በእኔ በሒክማ ስህተት ነው። አቶ ገብረተንሳኤ ገመድ አልነኩም።” ፈርሜበታለሁ። ዶክተር፣ እዚህ ጋ እርስዎም። ይኸው እስክሪፕቶ። አይቸኩሉ፣ መነጽርዎን ይጥረጉ። ፈረሙ! እልል በሉ እንጂ!

አቦይ፣ ይውሰዷት። ፋይልዎ ነገ ጠዋት ይዘጋል፤ ሳይዘጋ ቁጥር ይስጧትና ከማስጠንቀቂያዋ ቀጥሎ ያስገቧት።

በሉ ተነሡ። ቢራ የያዛችሁ በቢራ፣ እኔ በሚሪንዳዬ። ዕድሜና ጤና ከነሙሉ ቤተሰብዎ ይስጥዎ፤ ለቤትዎ የበርበሬ ቆርቆሮ ሁሉ ቁጥር ሲያወጡ ለባለቤትዎ አላህ ትዕግሥት ይስጥልን። ለእኔ ሲሉ ዋሽተው፣ ቅጣቱን በገዛ እጃቸው ፋይል ላደረጉት ሰው!